ወደ ሱዳን የሄደችው ጀልባችን

መተማ በመምህርነት በተመደብኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እሑድ ቀን የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ወደየጥላው ይገባል፤ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሙቀቱን ያማል። እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ሙቀቱን ማማት የጀመርኩት ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ስለ ሙቀት የማውቀውን ሁሉ ተናግሬ ጨርሼ ነበር።

ከጓደኛዬ ጋር ያስተዋወቀኝ ወባ ነው። እሱ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበር፤ የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ። ጣቴን ወግቶ ደሜን መስታወት ላይ ቀባና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ዓይኑን ሳያነሳ «አለብህ» አለኝ።

«ብዙ ነው?»

«ይበቃሃል።»

ውጤቱን ጽፎ ከሰጠኝ በኋላ «እሑድ ምን ትሠራለህ?» ሲል ጠየቀኝ። የሕክምናው አካል መስሎኝ «እተኛለሁ» አልኩት።

«ሲሻልህ ማለቴ ነው።»

ሲሻለኝ ጓንግ ወንዝ ወሰደኝ።

ጓንግ ከጭልጋ በኩል ካለው ደጋ ይወርድና ቆላውን አቋርጦ ሱዳን ይገባል፤ እዚያ አትባራ ይሉታል። ክረምት ላይ ግራር ከነሥሩ ነቅሎ የሚሄድ ወንዝ ነው። በጋ ሲገባ ደግሞ እዚህም እዚያም የተኛ ኩሬ ይሆናል፤ በኩሬና በኩሬ መካከል ከብት አሸዋ ላይ ይተኛል። ለአጥማጅ የሚመቸው ጎርፉ ሲጠራ ነው፤ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥር ድረስ።

ጓደኛዬ የያዘው ሁለት የሽመል ዘንግ፣ ናይለን ክር፣ ጥቂት መንጠቆና በቆርቆሮ ጣሳ የተሞላ ትል ነበር። አንዱን ዘንግ ሰጠኝ። ሌላውን ይዞ ተቀመጠና እስከ ማታ ዝም አለ። እኔ ምንም አልያዝኩም። እሱ ጥቂት ቆሮሶና አንድ አምባዛ አወጣ። ትንንሾቹን መንጠቆውን በጥንቃቄ ከአፋቸው እያወጣ ወደ ውሃው መለሳቸው።

ይህን ነገር ከሁሉ በላይ የታዘቡት የዳር መሬቱ ባለቤት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከደጋ ወርደው የሰፈሩ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ወንዙ የምንወርደው በእርሻቸው አቋርጠን ስለነበር ፈቃድ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከኋላችን ቆመው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ እኔን ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ይህን ዓሣ ለምን ይዞ ይለቀዋል?»

«ትንሽ ስለሆነ ነው አባባ። እንዲያድግ።»

«ካደገ በኋላ ይመጣለታል?»

«ሊመጣ ይችላል።»

«እሱን ፈልጎ?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «የጤና ሰው ነው አሉ፤ ያውቅ ይሆናል» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬን «ዶክተር» ይሉት ጀመር።

በመጀመሪያው ዓመት ከዳር ሆነን ነው ያጠመድነው። ትልልቁ ዓሣ ግን ማዶ ነበር። ማዶ በኩል ወንዙ ገደል ሥር ይታጠፋል፤ እዚያ ውሃው ጥቁርና ጥልቅ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንዳንዴ አንድ ነገር ውሃውን ሰንጥቆ ይነሳና ይመለሳል፤ ድምፁ ሰው በጥፊ የተመታ ይመስላል። ሱዳኖች ይህን ዓሣ ኢጅል ይሉታል፤ ጥጃ ማለታቸው ነው። የኛ ክር እዚያ አይደርስም። ጓደኛዬ በየሳምንቱ ያን ገደል እያየ ይቀመጥ ነበር። አንድ እሑድ «ጀልባ ያስፈልገናል» አለ። በዚያን ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ገንዳ ውሃ ከተማ በርና አልጋ የሚሠሩ አንድ አናጢ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከኛ ገፋ ያለ፣ ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። ሄደን አማከርናቸው።

«ጋሼ፣ ጀልባ ይችላሉ?»

«ጣና ዳር ተወልጄ?» አሉ።

ይህን እንደ መልስ ወሰድነው። ቆይተን እንደተረዳነው ግን ሰውየው የሚያውቁት የደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ ገባውም አልገባውም ይንሳፈፋል። ውሃ የማያስገባ ነገር ሠርተው አያውቁም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ሠሩ። ከደጋ የመጣ የዋንዛ ጣውላ ተጠቀሙ፤ እንጨቱ ጥሩ ነበር፤ እጃቸውም ጥሩ ነበር። ጀልባዋ ስታልቅ ግን አልጋ ትመስል ነበር። በሁለቱም ጫፍ ራስጌ ነበራት። ለሙሽሮች አልጋ የሚቀርጹትን አበባ በሁለቱም ላይ ቀርጸውባታል። በትራክተር ተሳቢ ጭነን ወደ ወንዙ ስንወስዳት መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ማን ሊያገባ እንደሆነ ይጠይቀን ነበር። ጓደኛዬ ባለትዳር ስላልነበረ በመጨረሻ እሱን መጠቆም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ውሃ ላይ ያወረድናት ቀን አናጢው አብረውን መጡ። ጓደኛዬና እኔ ተሳፈርን። ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልን ጫማዬ ራሰ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ሁሉ ውሃ እየገባ ነበር፤ ሳይቸኩል፣ እኩል በእኩል።

«ጋሼ፣ ውሃ እያስገባች ነው» አልኳቸው።

«እየጠጣች ነው» አሉ ከዳር።

«ምን?»

«እንጨት መጀመሪያ ይጠጣል። ሲጠግብ ይተዋል።»

እኔ መቅዘፊያውን ያዝኩ፤ ጓደኛዬ በትል ጣሳው ውሃውን እየቀዳ ማፍሰስ ጀመረ። ትሎቹም አብረው ፈሰሱ። ዳር ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አልፎ ነበር። ግራር ላይ አስረን ትተናት ሄድን። አናጢው ከተለዩን በኋላ መንገዱን ሁሉ ሳማቸው ሄድኩ። በሚቀጥለው እሑድ ስንመለስ ጀልባዋ እስከ አፏ ሰጥማ አገኘናት። ቀድተን አደረቅናትና ተሳፈርን። ውሃ አታስገባም። እንጨቱ አብጦ መጋጠሚያውን ዘግቶታል። ሄደን ስንነግራቸው ከሁላችንም በላይ የተደነቁት አናጢው ራሳቸው ይመስሉኛል፤ ግን «ነግሬያችሁ ነበር» ብለው መላጊያቸውን አነሱ።

ጀልባ ያለው ሰው ዓሣ የሚያጠምድ ይመስለው ይሆናል። እውነቱ ጀልባ ያለው ሰው ጀልባ ይጠግናል። ወንዙ ሲጎድል አውጥተን የሽማግሌው እርሻ ዳር ድንጋይ ላይ ደፋናት። የካቲትና መጋቢት ላይ በዚያ አገር ፀሐይ ጣውላ ይሰነጥቃል። ጠግቦ ያበጠው እንጨት ተመልሶ ይኮማተራል፤ በመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል። ክፍተቱን በጥጥ እንጠቀጥቃለን፤ ጥጥ የአገሩ ምርት ስለሆነ አልቸገረንም። በላዩ ሬንጅ እናቀልጥበታለን፤ በዚያን ጊዜ አስፋልቱ እየተሠራ ስለነበር ሬንጅም ከመንገድ ሠራተኞች ይገኛል። ውስጧን በሰሊጥ ዘይት እናሻታለን። ከታች ምስጥ እንዳይወጣባት ድንጋዮቹን ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት እንቀባለን። ጥላ እንዲሆናት በማሽላ አገዳ ሸፈንናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስንመጣ አገዳው የለም።

«ከብቶቹ ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «ጥላዋን በሉባት።»

ሽማግሌው ስለ ዓሣ ምንም ግድ አልነበራቸውም፤ ለጀልባዋ ግን ልባቸው ራራ። ሙቀቱ ሲበረታ ማታ ማታ በጄሪካን ውሃ ይዘው ሄደው እንደሚያርከፈክፉባት ከሚስታቸው ሰማን። ስንጠይቃቸው አፈሩ። «ቅጠል አትክልት እንኳ ሳይሆን እንጨት ታጠጣለህ ትለኛለች» አሉ።

ጓደኛዬ ለምን ዝም እንደሚል የገባኝ በሁለተኛው የጀልባ ዓመት ነው። ዓሣው የሚያዝበት ወር ወባውም የሚበረታበት ወር ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከደጋው ሁሉ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ወባ የማያውቅ ሰውነት ይዞ መጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል። ከዚያ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያው ግቢ ያስተኙታል። ጓደኛዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደም ሲያይ ይውላል፤ ከጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ማን ቀላል እንደሆነ፣ ማን ከባድ እንደሆነ። አንድ እሑድ ጀልባዋ ላይ ክሩን ሳይጥል ብዙ ቆየ። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ውሃውን ያያል።

«ምነው?» አልኩት።

«ትናንት አንድ ልጅ ነበር። ከደላንታ ነው። ደሙን ሳየው...» ብሎ ተወው። ቆይቶ «እስኪ ስለ ትምህርት ቤት አውራኝ» አለ።

«ምን ላውራህ?»

«ማንኛውንም።»

ስለ ትምህርት ቤት አወራሁለት። ስለ ጠመኔ እጥረት፣ የፈረቃ ድልድሉ እንዴት እንደተቀየረ፣ ርዕሰ መምህሩ ደወሉን ማን ይደውል በሚል ስብሰባ እንዴት እንደጠሩ። ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ነገር ለሰው አውርቼ አላውቅም። እሱ ግን ጀንበር እስክትጠልቅ ሰማኝ፤ አንድ ቦታ ላይ «ታዲያ ማን ይደውል ተባለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ቀን ዓሣ አልያዝንም።

ኢጅሉን የያዘው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ገደሉ ሥር ትንሽ ቆሮሶ በመንጠቆ ሰክቶ ጣለ። ክሩ አንዴ ተወጠረና ጀልባዋ መሄድ ጀመረች። ማንም አልቀዘፈም። ራስጌዋን አስቀድማ ወንዙን ወደ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ዞረችና ወረደች። ጓደኛዬ ክሩን በነጠላ ጠቅልሎ ይዟል፤ ነጠላው ተቀደደ። «ልቀቀው» አልኩት። የቀረውን ጨርቅ እጁ ላይ ጠመጠመው። ዓሣው ሲደክመው እኛም ደክሞን ነበር። ጎትተን ስናስገባው ከጀልባዋ ወገብ በላይ ሞላ፤ እኔ እግሬን የማደርግበት አጣሁ። ሽማግሌው ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር።

«ይህኛውስ ይለቀቃል?» አሉ።

«አይ አባባ» አለ ጓደኛዬ። «ይህ አድጓል።»

ዓሣውን ጤና ጣቢያው ግቢ ወስደን አስቀቀልነው፤ ለተኙት የቀን ሠራተኞች ታደለ። ግማሾቹ በሕይወታቸው ዓሣ ቀምሰው አያውቁም። አንዱ እባብ እንደሆነ ጠየቀ። ጓደኛዬ አጠገቡ ተቀምጦ ቀድሞ በላለትና ከዚያ አጎረሰው። ልጁ አላምጦ ዋጠና «እንደ ዶሮ ነው፤ ግን ሰነፍ ዶሮ» አለ። ጓደኛዬ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንዲህ እያልን ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ጀልባዋን ጠግነን፣ ውሃ ትጠጣ ብለን ጠርዙ ላይ ባለች ኩሬ አስረን ነበር። በደጋው የዘነበውን እኛ አላየንም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳስተምር ሽማግሌው በር ላይ ቆሙ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ተማሪዎቹ ተነሡላቸው።

«መምህር፣ ጀልባዋ ሄዳለች» አሉ።

«ወዴት?»

«ወደ ሱዳን።»

ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ ግራሩን ከነገመዱ፣ ገመዱን ከነጀልባዋ ይዞ ሄዷል። ሽማግሌው ዳር ዳሩን ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ተከትለው ሮጠው ነበር። «ጠራኋት» አሉ፤ ከዚያ ምን እንዳሉ ታወቃቸውና ተማሪዎቹን አዩ። ማንም አልሳቀም።

ለጓደኛዬ ስነግረው ማይክሮስኮፑ ላይ ነበር። «እሺ» አለ፤ ሌላ መስታወት አነሳ። እኔ ብዙ አዘንኩ። እሱ እንዴት እንዳዘነ አላወቅሁም።

ክረምቱ አልፎ የሽንኩርት መኪናዎች መመላለስ ሲጀምሩ አንድ የሱዳን ሾፌር ሻይ ቤት ውስጥ ወሬ አመጣ። ከድንበሩ ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባለ የፖሊስ ኬላ፣ ከሐበሻ አገር የመጣች መርከብ ተይዛለች አለ። በአረብኛ ጀልባም መርከብ ነች። መተማ ውስጥ ግን መርከብ መርከብ ነው። ወሬው እኔ ዘንድ ሳይደርስ ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ ሲደርስ ደግሞ በጠረፍ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በኩል ደረሰ። አስጠርቶኝ ሄድኩ።

«መርከብ አለህ?» አለኝ።

«ጀልባ ናት።»

«ሱዳኖቹ መርከብ ነው የሚሉት።»

«ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት።»

«ስንት ሰው ትጭናለች?»

«ሁለት። ሦስተኛ ከተጫነ አንዱ ውሃ መቅዳት አለበት።»

ሰውየው አሰበ። «ከአገር ስትወጣ ተመዝግባለች?»

«አይ። በጎርፍ ነው የወጣችው።»

«ስትገባ ግን በመንገድ ነው የምትገባው» አለ፤ ችግሩ ያ ነው በሚል ድምፅ። ሄደን እንድናያት ፈቀደልን፤ ስለመመለሷ ግን አለቆቹን እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ትምህርት ቤት ስገባ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ መርከብ ሊኖረው ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጓደኛዬና እኔ ድንበሩን ተሻግረን ገላባት ላይ ባዶውን በሚመለስ የሽንኩርት ሎሪ ላይ ወጣን። እኔ የገበያ አረብኛ እናገራለሁ። ጓደኛዬ ከሰላምታ በላይ አያውቅም፤ በአማርኛም ቢሆን ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ኬላው የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ጭቃ ቤት፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ። ዛፉ ሥር ጀልባችን ነበረች።

አላወቅኋትም። አረንጓዴ ተቀብታለች። እኛ በየዓመቱ በሬንጅ የምናጨማልቀው መጋጠሚያ ተፍቆ፣ ተሞልቶ፣ ለስልሶ እንደ አንድ እንጨት ሆኗል። በሁለት እንጨት ፈረስ ላይ ከመሬት ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከላይ ሸራ ተወጥሮላታል። መቅዘፊያዎቿ አዲስ ናቸው። ራስጌው ላይ ያለው አበባ ቅጠል ቅጠሉ ተለይቶ ነጭ ተቀብቷል።

የኬላውን ኃላፊ ሻዊሽ ይሉታል፤ እኛ ሃምሳ አለቃ እንደምንለው ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጡረታ የደረሰ ሰው። ከጎርፉ በኋላ ዛፍ ላይ ተሰክታ አግኝቷት ነው ያወጣት። በነገሩ ብዙ ያሰበበት መሰለኝ፤ መምጣታችንን ሲሰማ ፊቱ ጨለመ።

«ኡስታዝ፣ የእናንተ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ኡስታዝ መምህር ማለት ነው።

ተረጎምኩለት። ጓደኛዬ ወደ ጀልባዋ ሄዶ ተንበረከከና እጁን ከመቀመጫው ሥር አስገባ። አንድ ዓመት ጣውላው ሲሰነጠቅብን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን በምስማር የመታነው ጥገና እዚያ ነበር። ሻዊሹ ሁሉን ነገር ሲቀባ ያን አልቀባውም፤ በአማርኛ የተጻፈበት ጽሑፍ እንደነበረ ነው።

ሻዊሹም አጠገቡ ተንበረከከ። «ይህን ጽሑፍ የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ» አለኝ። «ስሟ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ምን ይላል?»

«የምግብ ዘይት ይላል» አልኩት።

ቅር ያለው መሰለኝ። ከዚያ ተነሣና ጉልበቱን አራግፎ «የእናንተ ናት። ውሰዷት» አለ። ነገ የሚያልፍ ሎሪ እንዲያስቆሙ ለኬላው ወጣት ፖሊሶች ነገራቸው። እኛን አስገብቶ ፉልና የተጠበሰ ዓሣ አበላን። የበላሁት ዓሣ ጥሩ ነበር፤ በማን ጀልባ እንደተያዘ እያሰብኩ ጨረስኩት።

በማግስቱ ሎሪው እስኪመጣ ሻዊሹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያጠምድባት ጠየቀ። ጀልባዋ ለሁለት ሰው ስለሆነች ጓደኛዬ አብሮት ገባ። እኔ ከወጣት ፖሊሶቹ ጋር ዳር ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ኬላው ሥር ያለው ውሃ ጥልቅ ኩሬ ነው፤ በጋም አይደርቅም፤ እኛ ዘንድ ገደሉ ሥር ካለው ይሰፋል። ከሩቅ አየኋቸው። ጓደኛዬ እያወራ ነበር። እጁን እያወራጨ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ውሃው፣ በጎጃም አማርኛ። ሻዊሹ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሻዊሹ በአረብኛ ይመልሳል፤ ጓደኛዬ ይሰማል። አምስት ዓመት አብሬው አጥምጃለሁ፤ ለእኔ እንዲያ አውርቶ አያውቅም። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ሲመለሱ ጓደኛዬ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ትቅር» አለኝ።

«ማን?»

«ጀልባዋ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ፤ ግን እሱ አይቀልድም። «ለምን መጣን ታዲያ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ፖሊሶቹ ዞረው አዩን። «ያን ሁሉ ሬንጅ በጀርባዬ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ያለውን ጠባሳ ታየዋለህ? ከዚያች ጀልባ ነው።»

«አየዋለሁ።»

«ከተማው በሙሉ እኔ ላይ ስቋል።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

ወደ ዛፉ አየ። «እኛ ዘንድ ግማሹን ዓመት ድንጋይ ላይ ናት። እዚህ ውሃ አለ። ደግሞ እንዴት እንደያዛት አየህ? እኛ እንዲህ ይዘናት አናውቅም።» ጫማውን ማጥለቅ ጀመረና «ብንወስዳትም ወንዙ ወደዚህ ነው የሚፈሰው» አለ።

ለዚህ መልስ ፈለግሁ፤ ወንዙ ግን በእርግጥም ወደዚያ ነበር የሚፈሰው። ተናድጄ ሄጄ ለሻዊሹ ነገርኩት። እሱ ደግሞ አልቀበልም አለ። የሰው ንብረት ነች አለ፤ እንግዳ አብልቶ ዕቃ አያስቀርም አለ፤ ሎሪውም ደርሶ እየጠበቀ ነበር። እኔ እንድትቀር የማልፈልጋትን ጀልባ እንዲያስቀር ስለምነው ሾፌሩ የመኪናውን ሞተር አጠፋና ጥላ ፈለገ። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ጀልባዋ እሱ ዘንድ ትቀመጣለች፣ እሱ ይጠግናታል፣ እኛ በመጣን ቀን የእኛ ናት። ሻዊሹ በባዶ እጃችሁማ አትሄዱም ብሎ የክር ማጠንጠኛ ያለው የራሱን ዘንግ አምጥቶ ለጓደኛዬ ሰጠው። ጓደኛዬ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች አየው። እስክንለያይ ድረስ የሻዊሹን እጅ አልለቀቀም።

መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። እሱ ልዩነቱን አላስተዋለም። ገላባት ልንደርስ ስንል ግን ተኝቶ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ከመስከረም ጀምሮ እሑድ እንኳ ሲሠራ ነበር የከረመው። አልቀሰቀስኩትም። ንዴቴ እዚያ አካባቢ ላይ ሳይሆን አይቀርም የበረደው።

የጠረፉ ሠራተኛ ይጠብቀን ነበር።

«መርከቡስ?»

«ተውነው።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

እፎይ ሲል አየሁት። አለቆቹም በየትኛው ደንብ እንደሚያስተናግዷት አላወቁም ነበር።

ሽማግሌው ግን እርሻቸው ዳር ቆመው ሰሙን። ጀልባዋ የምትደፋባቸውን ድንጋዮች ከቦታቸው አላነሱም ነበር። «ሰውየው ደህና ሰው ነው?» አሉ።

«ደህና ሰው ነው አባባ።»

«ጥላ አላት?»

«ሸራ ወጥሮላታል።»

«እንግዲያው ትሁን» አሉ። ያን ዓመት እዚያ ቦታ ላይ ምንም አላረሱበትም።

ከዚያ በኋላ በበዓልና በዕረፍት ጊዜ ሄደን አጥምደናል፤ መንገዱ ክፍት በሆነባቸው ዓመታት። እኔ ከፖሊሶቹ ጋር ሻይ መጠጣት ለመድኩ፤ ካርታ መጫወትም አስተማሩኝ። ጀልባዋ ላይ የምወጣው ከሰዓት በኋላ፣ ሻዊሹ ሲሰግድና ሲያርፍ ነበር። ጓደኛዬና እኔ ያኔ እንደ ድሯችን ዝም ብለን እናጠምዳለን።

በኋላ ጓደኛዬ ወደ ጎጃም ደጋ ተዛወረ። ወንዝ የሌለበት፣ ወባም የሌለበት ከተማ ነው። የሻዊሹን ዘንግ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔ አሁንም ከዳር ሆኜ አጠምድበታለሁ፤ ክሩ ማዶ ይደርሳል። በየክረምቱ ይደውልልኛል። የወንዙን ሁኔታ ይጠይቃል፤ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንቆያለን። መጨረሻ የደወለ ጊዜ ግን የምነግረው ነገር ነበረኝ። አንድ ሾፌር ሻዊሹ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ መሄዱን ነግሮኝ ነበር፤ መንደሩም ወንዙ ዳር ነው፤ ወደ ታች።

«ጀልባዋስ?» አለ ጓደኛዬ።

«ይዟት ሄደ አሉ።»

«በውሃ ነው?»

«በሎሪ።»

«መንገዱ ረጅም ነው። በዚያ ፀሐይ እንጨቱ ይከፈታል።»

«እርጥብ ጆንያ አልብሷት ነበር አሉ» አልኩት።

«እሺ» አለና ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀኝ።